የዘንዶው ጉድጓድ በመስታወት ሣጥን ውስጥ

በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ፣ በአርቢዎች ዘንድ ቦል ፓይተን የሚባለው ንጉሣዊ ዘንዶ፣ ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ በተዘረጋው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሣራማ ምድር የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ መርዝ የሌለው እባብ ሲሆን፣ ሲፈራ ጭንቅላቱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል የእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጠባዩ ነው። በቤኒን ዊዳ ከተማ በቤተ መቅደስ ይከበራል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ በየቤቱ ከሚያዙት እባቦች ሁሉ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ነው። አያያዙን የሚወስነው ዋና ነገር ግን ቀኑን የሚያሳልፍበት ስፍራ ነው። የትውልድ አገሩ ሲነሣ በሐሳብ የሚመጣው ፀሐይ የሚያነድደው ሜዳ ቢሆንም፣ እባቡ የለመደው አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ የታመቀውን፣ የማያቃጥልና የማይደርቅ አየር ነው።

እባብ እንደ ወፍና እንደ አጥቢ እንስሳ ከሚበላው ምግብ የገላውን ሙቀት ጠብቆ የሚያቆይ ፍጥረት ስላልሆነ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው፣ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ በመሄድ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ የመኖሪያ ሣጥኑ አንድ ወጥ ሙቀት ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርድ የሙቀት ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ አንደኛው ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ሌላኛው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን፣ በሁለቱም ዘንድ መሸሸጊያ ካልተደረገ ፈሪው እንስሳ ከሙቀቱ ይልቅ ጨለማውን ይመርጣል። የማሞቂያው ኃይል ለቴርሞስታት፣ ማለትም የተወሰነው ዲግሪ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ለሚቀንስ ወይም ለሚያቋርጥ መሣሪያ መገዛት አለበት፤ ያለዚህ ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ የእባቡን ሆድ ሊያቃጥል ይችላልና፣ በዚህ ዕቃ ላይ መቆጠብ ክፉ ቁጠባ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሙቀትንና እርጥበትን እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በማየታቸው ነው። በመለኪያ የሚነበበው አንጻራዊ እርጥበት ይባላል፤ ይህም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከመው ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ በመቶኛ የሚገልጽ እንጂ የተኑን ክብደት የሚናገር አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው 17 ግራም ያህል ተን ሲሆን በ32 ዲግሪ ግን እጥፉን፣ 34 ግራም ገደማ ይሸከማል፤ ስለዚህ 50 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ወደ ሣጥኑ ገብቶ ሲሞቅ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጎድልበት ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ማሞቂያውን የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ያደርቃል ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት አየሩ 16 ግራም ተን ሲይዝ በሞቃቱ ጫፍ 47 በመቶ ያህል፣ 26 ዲግሪ በሆነው ቀዝቃዛ ጫፍ ደግሞ 65 በመቶ ያህል ይነበባል፤ እንግዲህ የቆመበት ስፍራ ያልታወቀ መለኪያ የሚሰጠው ቁጥር ብዙም አይረባም።

ለዚህ ዘንዶ ከ55 እስከ 70 በመቶ ያለው እርጥበት ይስማማዋል፤ ሆኖም በውሃ መርጫ በየጊዜው መርጨት፣ የወንፊት ክዳን ባለው ሣጥን ላይ ሲሆን፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። የተሻለው መንገድ የክዳኑን ከፊል መሸፈን፣ የኮኮናት ቃጫ ወይም የዛፍ ቅርፊት ጉዝጓዝ በጥልቀት ማንጠፍና ውሃውን ከላይ ከመርጨት ይልቅ በማዕዘን በኩል አፍስሶ ታችኛውን ክፍል ማራስ ነው፤ ያኔ ላይኛው ደረቅ ሆኖ ሳለ ከሥር ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ይተናል። እርጥብ አየር ሌላ፣ እርጥብ መኝታ ሌላ ነው፤ እባቡ በራሰ ጉዝጓዝ ላይ ዘወትር ከተኛ የሆዱ ቅርፊት ይቆስላል፣ አየሩ ካልተናፈሰም ሻጋታ ይነሣል።

የአያያዙ ጉድለት በግልጽ የሚታየው እባቡ ቆዳውን ሲለውጥ ነው። ዓይኖቹ ጥቂት ቀናት ግራጫ ሰማያዊ ከሆኑና መልሰው ከጠሩ በኋላ፣ እርጥበቱ ከበቃው አሮጌው ቆዳ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቆራረጥ በአንድነት ይወልቃል፤ ካልበቃው ግን ተቆራርጦ ይቀራል። ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት ተጣብቆ ሲቀር በጥፍር ወይም በወረንጦ ሊያነሡት መሞከር ዓይኑን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ እርጥበቱን አስተካክሎ ቀጣዩን ለውጥ መጠበቅ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል።

እርጥበትን በመጠበቅ ጥበብ ሴቷ ዘንዶ ራሷ ከአርቢው ትቀድማለች። እንቁላል ከጣለች በኋላ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ዙሪያውን ተጠምጥማ ትቆያለች፤ አንዳንድ ታላላቅ ዘንዶዎች ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ሲያመነጩ እርሷ ግን ይህን አታደርግም፤ የጥምጥሟ ዋና ጥቅም ቆዳማው እንቁላል ውሃውን እንዳያጣ መክደን ነው።