ጥሬ ቡና ይከማቻል፤ የተቆላ ግን አይከማችም

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በሐሙሲትም ሆነ በባሕር ዳር ለማሽን ቡና የሚያቀርብ ነጋዴ ቡናውን ከጣና ዳር ከዘጌም ያምጣው ከሌላ ሥፍራ፣ ትርፉን የሚወስነው የቆላበት ቀን ነው።

በአግባቡ የደረቀ ጥሬ ቡና እርጥበት በሌለበት መጋዘን ለወራት ይቆያል። ከተቆላ በኋላ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በቁላቱ ጊዜ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ አየር ቅባቱን ያበላሻል፤ መዓዛውም ይተናል።

የጀበና ቡና ተቆልቶ ወዲያው ቢጠጣ ችግር የለበትም። ኤስፕሬሶ ግን በ9 ባር ያህል ግፊት፣ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ውስጥ የሚወርድ ነው። ጋዙ ያልወጣለት ቡና የውኃውን አወራረድ ያውካል፤ ክሬማው ይበዛና ወዲያው ይጠፋል፤ ጣዕሙም ይጎመዝዛል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ቢያርፍ ይመረጣል። በአንጻሩ ከወር በላይ የቆየው ቶሎ ይወርዳል፤ ክሬማው ይሳሳል፤ ጣዕሙም ይሞታል። የተፈጨማ በሰዓታት ውስጥ ይደክማል።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ይቀንሳል። የተቆላው ሳይሸጥ ከከረመ ነጋዴው በሚዛንም በጣዕምም ከሰረ ማለት ነው። የሚያዋጣው ጥሬውን ይዞ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መቁላት፣ ቀኑንም በከረጢቱ ላይ መጻፍ ነው። ገዢውም ከዋጋው በፊት ቀኑን ሊጠይቅ ይገባል።