የራዲዮ ሞገድን አቅጣጫ ስለሚያስይዝ ሰሌዳ

የቡሬ አገር ጉብታና ሸለቆ የበዛበት መሆኑ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። (የምንናገረው ስለ ኢሉባቦሩ ቡሬ ነው እንጂ ስለ ጎጃሙ አይደለም።) በዚህ ዐይነት አገር የአንዱ ሰው ስልክ በደጃፉ ሆኖ ደኅና ሲሠራ፥ ከጉብታው ማዶ ያለው ጎረቤቱ ለመደወል አቀበት መውጣት ግድ ይሆንበታል። ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት ደግሞ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስልካችን የሚሠራበት የራዲዮ ሞገድ ጠባዩ ከብርሃን ጋራ የተቀራረበ ስለ ሆነ ኮረብታ ሲጋርደው ከኋላው ጥላ ይጥላል። ጥቅጥቅ ያለ ደንም ያደክመዋል። ለዚህ የታወቀው መድኀኒት ሌላ ማማ መትከል ነው፤ ነገር ግን ማማ መንገድ ይፈልጋል፥ መብራት ወይም ናፍጣ ይፈልጋል፥ ጥበቃም ይፈልጋል። ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ቤት ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣ ብዙ አይገኝም።

ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ዘዴ ፈለጉ። መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ወደ ጨለማ ቤት እንደሚመልስ ሁሉ፥ የብረት ሰሌዳም የራዲዮን ሞገድ ይመልሳል። በተራራ አናት ላይ ትልቅ የብረት ሰሌዳ አቁሞ ሞገድን ወደ ማዶ ማሻገር በቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ የቆየ ልማድ ነው። የዚህ ጉድለቱ ሰሌዳው አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መመለሱ ነው።

አዲሱ ሰሌዳ ግን በብዙ መቶ ትንንሽ የብረት ቁራጮች የተሸፈነ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ዳዮድ የሚባል ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በር አለ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቁራጩ ሞገዱን የሚመልስበት ጊዜ ይለወጣል። ሰሌዳው ከቦታው ሳይነቃነቅ የሞገዱ አቅጣጫ እንዴት ይዞራል? ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚራመዱ የሰልፍ ተማሪዎችን እናስብ። በግራ ጫፍ ያለው በሰዓቱ ቢነሣ፥ ሁለተኛው ጥቂት ቢዘገይ፥ ሦስተኛው ከዚያም አብልጦ ቢዘገይ፥ ሰልፉ ዘመም ብሎ ፊቱን ወደ ዘገዩት ወገን ያዞራል። ሞገድም እንደዚሁ ነው። መዘግየቱን የሚያዝዝ የሞገዱን መሄጃ ያዝዛል።

ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል ብዙ ጊዜ ለአንዱ ቁራጭ ሁለት ዐይነት መልስ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሞገዱን እንደ መጣ መመለስ፥ ወይም ከፍታውን ዝቅታ አድርጎ ገልብጦ መመለስ። እንዲህ ሲሆን በሚፈለገው አቅጣጫ የሚገኘው ኀይል በትክክል ቢታዘዝ ኖሮ ይገኝ ከነበረው ወደ 40 ከመቶ ገደማ ነው። መልሱ አራት ዐይነት ቢሆን ግን ወደ 81 ከመቶ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ትእዛዙ ነው። ሰሌዳው ስልኩ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ማማውና ስልኩ አስቀድሞ የታወቀ የሙከራ ምልክት ይላላካሉ፤ ሰሌዳውም በዚያን ጊዜ አስቀድመው የተዘጋጁለትን ጥቂት አቅጣጫዎች በየተራ ይሞክራል፤ በጎላ የተሰማውም ይያዛል። ሁሉን ልሙከር ቢባል፥ 1,024 ቁራጭ ባለው ሰሌዳ 2 በ1,024 ጊዜ ራሱን የተባዛ ያህል አማራጭ አለ፤ ይህንንም ማንም ሊጨርሰው አይችልም። ባለ ስልኩ ቦታ በለወጠ ቍጥር ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

የቁራጮቹ ቍጥር እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ መልካም ወሬ ነው። ክፉው ወሬ የርቀቱ ሒሳብ ነው። በሰሌዳ በኩል የሚመጣው ኀይል የሚደክመው በሁለቱ መንገዶች ብዜት ካሬ ነው። መንገዱ በጠቅላላው 1,000 ሜትር ቢሆንና ሰሌዳው መካከል ላይ ቢቆም ብዜቱ 500 በ500፥ ማለት 250,000 ነው። ከአንዱ ጫፍ በ100 ሜትር ላይ ቢቆም ግን 90,000 ብቻ ስለሚሆን፥ የሚደርሰው ኀይል ከሰባት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ብዙ ሰው መካከሉ የተሻለ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን ከቦታዎች ሁሉ የባሰው እርሱ መሆኑን ያሳያል።

በቶኪዮ ከተማ በ2018 እ.ኤ.አ. ዶኮሞ የተባለው ኩባንያ በ28 ጊጋኸርዝ ሞገድ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ያለ ሰሌዳ በሴኮንድ 60 ሜጋቢት የነበረው ፍጥነት በሰሌዳ 560 ደረሰ። ያ ሰሌዳ ግን ትእዛዝ የማይቀበል፥ አቅጣጫው አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ትእዛዝ ስለሚቀበለው ሰሌዳ የሚያጠና ቡድን ያቋቋመው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችንም በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሙከራ የተጀመረው የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሞገድን በአቅጣጫ የሚልኩ አንቴናዎችን ይጠቀማል፤ ይህ ግን በማማው ላይ የሚሠራ ሥራ ነው እንጂ በመንገድ ላይ በቆመ ሰሌዳ አይደለም።

ታዲያ ለቡሬ ይሆናልን? ቁራጮቹ የሚራራቁት በሞገዱ ርዝመት እኩሌታ ነው። ስለዚህ 32 በ32 ቁራጭ ያለው ሰሌዳ በ28 ጊጋኸርዝ ወርዱም ቁመቱም ወደ 17 ሳንቲሜትር ነው፤ በቦርሳ ይያዛል። ለገጠር በሚስማማው በ900 ሜጋኸርዝ ግን ወርዱ 5 ሜትር ከ33 ይሆናል፤ የቤት ግድግዳ ማለት ነው። ነፋስም ይገፋዋል። በበኩሌ ያም ቢሆን ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል፤ ሰሌዳው ሞገድን አያጎላም፥ ያገኘውን ብቻ ያዞራል፥ ስለዚህም የሚፈጀው ኀይል ጥቂት ነው። ቦታው ግን ሸለቆው መካከል አይደለም፤ ማማውም በግልጽ የሚታይበት፥ የቤቶቹም ጣራ የሚታይበት፥ ለቤቶቹ የቀረበ አፋፍ ነው።