ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የወረርሽኝ ዘመን ሐኪም ቤት

ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ የአራዳ ሰው፣ እንደ ቀረው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ፣ የግቢውንና የመንገዱን ጥራጊ ሰብስቦ ያቃጥላል። በዚያን ቀን ጧት ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ቆሞ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ጭሱ እንደ ጉም በጣራዎቹ ላይ ተኝቶ ይታየዋል። ይህንኑ «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን፤ መታሰቢያነቱም በ1911 ዓ. ም. በዚሁ ወር ከተማውን ለመታው ለኅዳር በሽታ ነው። ነገር ግን በዚህ ቀን በርና መስኮት ዘግተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚውሉ ሰዎች አሉ። እነርሱም አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው። እንግዲህ ያለፈውን ወረርሽኝ ለማስታወስ የምናጨሰው ጭስ፣ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው የሚጎዱትን ሰዎች የሚያሳምም ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኅዳር በሽታ ጥቂት እንበል። በሽታው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት በነበሩበት ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በብርቱ ታመው ከሞት ተርፈዋል፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ የሞተው ሰው ከዐሥር ሺሕ በላይ መሆኑን ይናገራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ. ም. ተቋቁሞ ነበር፤ ቢሆንም በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ዛሬ የካቲት 12 የምንለው ሆስፒታል እንኳ በቤተ ሳይዳ ስም የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ ከሞቱት የሚበዙትን የገደላቸው ጉንፋኑን ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ሲሆን፣ ፔኒሲሊን የተገኘው ከወረርሽኙ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው። የበሽታው ሥር ቫይረስ መሆኑም በሰው ላይ የተረጋገጠው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 ዓ. ም. ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ አየሩን በጭስ ለማንጻት ቢሞክር አያስነቅፈውም፤ በዘመኑ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም።

ከመቶ አንድ ዓመት በኋላ ኮሮና መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ነው፤ በመጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ፤ በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የኅዳር በሽታ ከሁሉ ይልቅ የፈጀው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጐልማሶች ሲሆን፣ ኮሮና ግን በሽማግሌዎችና ቀድሞ ሕመም ባለባቸው ላይ በረታ። እኛ በዚያን ጊዜ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበርን፤ ትምህርት ተዘግቶ በየሰፈራችን ተቀምጠን ስለ ነበር ከዚህ በታች የምንተርከውን በዓይናችን አይተናል።

ከዚያ በፊት ግን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባናል። ጤነኛ ሳንባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ተነፍቶ ይሞላል፣ ሲለቁት ደግሞ በራሱ ይኰማተራል። በውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም የሚወጣው በእነርሱ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። አስም በያዘው ሰው የአየር ቧንቧዎቹ እየተቈጡ ይጠብባሉ፤ መድኃኒት ሲያገኙ ግን መልሰው ይከፈታሉ። ሌላው ዐይነት፣ በጭስ ብዛት የሚመጣው፣ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቧንቧው ጠብቦ ይቀራል፣ የከረጢቶቹም ግድግዳ እየተቀደደ ወናፉ መኰማተር ያቅተዋል። ሕመምተኛው አየር ማስገባት የቸገረው ይመስለናል እንጂ ይበልጡን የሚቸግረው ማስወጣት ነው። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ የሚገባበት ቦታ የለምና።

በፈረንጆች አገር የዚህ በሽታ ዋናው ምክንያት ሲጋራ ነው። በእኛ አገር ግን ሲጋራ በአፋቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች ይታመሙበታል፤ ምክንያቱም መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት ሲጋግሩ ኖረዋል። ሳንባ ነቀርሳ ይዞአቸው የዳኑም አሉ፤ ባሲሉ ቢሞትም ጠባሳው ከሳንባ አይጠፋምና ትንፋሽ እያጠራቸው ይኖራሉ።

በእኛ ከተማ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያኽል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያኽል ብቻ ነው። የምንስበው አየር በመቶ 21 እጅ ኦክሲጅን መሆኑ በምጽዋም በፒያሳም አንድ ነው፤ ግፊቱ ግን ስለሚያንስ ወደ ደም የሚያልፈው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን አያውቀውም። ሳንባው የተጎዳ ሰው ግን ገና ሳይታመም ትርፉን ጨርሶታል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ በባሕር ዳር ለጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ያሳያል፤ በአዲስ አበባ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ሊያስደነግጥ አይገባም። ለቈላ አገር የተጻፈውን የቍጥር ወሰን እዚህ እንዳለ የሚያነብ ሰው ጤነኛውን ታማሚ ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በዶሮ ማነቂያ፣ ሰባት አባወራ በአንድ ግቢና በአንድ ማድ ቤት በሚኖርበት ቦታ፣ እኛ እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው፤ ሳላቸውም ከዐሥር ዓመት በላይ የቈየ ስለ ሆነ ለግቢው እንደ ሰዓት ነበር። ኮሮና ሲመጣ ግን ያው ሳል ሌላ ትርጕም አገኘ። ታክሲ ላይ ሲያስሉ ሰው ከአጠገባቸው ይነሣል፤ ረዳቱም «እናቴ፣ ይውረዱልን» ይላቸዋል። ከዚህ የተነሣ የወር ቀጠሮአቸውን ትተው ቤት ዋሉ፤ መድኃኒታቸውም አለቀ።

በክረምት፣ ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው። ልጃቸውና ከእኛ ሁለታችን ደግፈን ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። በር ላይ ሙቀት ለክተው «ሳል አለዎት?» ብለው ጠየቁ። እማማም ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸውና «አለኝ፣ ልጄ፣ ድሮም አለኝ» አሉ። ወዲያው ወደ ተጠርጣሪዎች ድንኳን ተላኩ፤ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሌሊት ዐደሩ፤ ከጐናቸው በኮሮና የተያዘ ይኑር አይኑር የሚነግረን አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቶሎ ይሰጣቸው የነበረው፣ መድኃኒቱን በመሣሪያ እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሰው ኔቡላይዘር ተከልክሎ ነበር። ነርሷን አንወቅሳትም፤ ከራስ እስከ እግሯ በፕላስቲክ ተሸፍና፣ መነጽሯ በላብ ተጋርዶ፣ እርሷም ትፈራ ነበር። ውጤቱ ከኮሮና ነጻ ሆኖ መጣ፤ ነገር ግን ሁለቱ ሌሊቶች አልፈዋል።

የኔቡላይዘሩ ክልከላ መሠረት የሌለው አልነበረም። የበሽተኛው ትንፋሽ ከጉሙ ጋር በክፍሉ ውስጥ ይበተናል ተብሎ ስለ ተሠጋ በብዙ አገሮች የሚገኙ ሐኪም ቤቶች አጠቃቀሙን ቀንሰው ነበር። ጥያቄው በምትኩ ምን ይሰጥ የሚለው ነው። መልሱ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ ሳልቡታሞል ያለበት ኢንሄለር ስፔሰር ከሚባል ባዶ ዕቃ ጋር ተገጥሞ ይሰጣል። ስፔሰሩ ከሌለ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይበቃል፤ ቂጡን በጋለ ሽቦ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀዶ መግጠም፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ መሳብ ነው። በኬፕ ታውን የሚሠሩ ሐኪሞች በፈረንጆች 1999 ዓ. ም. ባወጡት ጥናት፣ አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ይህ ጠርሙስ በገንዘብ ከሚገዛው እንደማያንስ አሳይተዋል። በየሱቁ በር የሚጣለው ጠርሙስ ማለት ነው! ከግቢያችን ጥራጊ ውስጥ ስንት እንደ ነበረ ስናስብ ይቈጨናል።

ስለ ኦክሲጅንም ሁለት ነገር እንበል። አንደኛው የመጠኑ ነገር ነው። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያኽል ይይዛል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው በደቂቃ 2 ሊትር ቢሰጥ 56 ሰዓት ይቈያል፤ በኮሮና ለተጨነቀ ሰው በደቂቃ 15 ሊትር ሲከፈት ግን በሰባት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ስለዚህ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና በኋላ ሚሊኒየም አዳራሽ ለኮሮና ሕክምና በተሰናዱ ጊዜ አልጋ መዘርጋቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነበር። አየሩን አጣርቶ ኦክሲጅን የሚሰጠው ኮንሰንትሬተር የሚባለው መኪናም አለ፤ እርሱ ሲሊንደር አያሻውም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎች የማያስቡት ነው፤ ኦክሲጅን ሲበዛም ይጎዳል። ሳንባው ለብዙ ዘመን የተጎዳ ሰው በደሙ ውስጥ ከተለመደው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ ይኖራል። ኦክሲጅን ያለ ልክ ቢለቀቅለት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይብስ ይጠራቀምና ሕመምተኛው ይደነዝዛል፣ ያንቀላፋል፣ ሳይነቃም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው የመለኪያው ቍጥር ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ሐኪሞች ይመክራሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ክፍል የመጡ አዳዲስ ሠራተኞች ለሁሉ አንድ ሕግ ይዘው ይሠራሉ፤ «እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ተሻላቸው» ተብሎ የሚታለፈው ሰው በእውነት እየባሰበት ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የሳንባ ልዩ ሐኪም በአገራችን ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2005 ዓ. ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ወረርሽኙ የደረሰባቸው እንግዲህ ሥራው ከተጀመረ ገና በሰባተኛው ዓመት ነበር።

እኛ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ እማማን የጎዳቸው የሐኪም ቤቱ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የተቋረጠው ቀጠሮ መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እየተሰጣቸው ቤት ተቀመጡ፤ በዚያ ዓመትም ትንፋሽ አጥሮአቸው ሌሊት አልተነሡም። ወረቀት ላይም ልጃቸው «አሮጌ ሳል አለባቸው፤ ሕመማቸው ይህ ነው፤ መድኃኒታቸው ይህ ነው» ብሎ ጽፎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠረላቸው።

በ2016 ዓ. ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ የግቢያችን ሰዎችም ተበታተኑ። እማማ በከተማው ዳርቻ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። አሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሚጋግሩ ጭስ የለባቸውም፤ ደረጃውን ለመውጣት ግን ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ወደ ቀድሞው ሐኪም ቤታቸው ለመድረስም ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ባለፈው ኅዳር 12 ቀን ልንጠይቃቸው ሄደን ከታች ጥራጊ ሲቃጠል አገኘን፤ እማማ መስኮታቸውን ዘግተው በስንጥቁ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲወትፉ ነበር።