ፊት ሲጣመም፦ ስለ ራስ ቅል ነርቮች የምናምነውና እውነቱ

ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» አያት የሚገኝበት ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲደራጅ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ የሰፈረው ሰው ከየአካባቢው የመጣ ነበር። ስለ ነፋስ፣ ስለ ምች፣ ስለ አልማዝ ባለጭራና ስለ እንጥል የሚያምነውንም ይዞ ነው የመጣው። እነዚህ እምነቶች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የራስ ቅል ነርቮች ናቸው።

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡት እነዚህ ነርቮች 12 ጥንድ ናቸው። ዛሬም የምንጠቀምበትን አቆጣጠር በ1778 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሐኪም ዛሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ ነው። አንደኛው የማሽተት፣ ሁለተኛው የማየት ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ዓይንን ያንቀሳቅሳሉ። አምስተኛው የፊትን ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ማኘክንም ያዛል። ሰባተኛው የፊት ጡንቻዎችን ያንቀሳቅሳል። ስምንተኛው የመስማትና የሚዛን ነው። ዘጠነኛውና ዐሥረኛው በመዋጥ ይተባበራሉ፤ ዐሥረኛው ድምፅንም ያዛል፣ እስከ ልብና ሆድ ዕቃም ይወርዳል። ዐሥራ አንደኛው የአንገትና የትከሻ፣ ዐሥራ ሁለተኛው የምላስ እንቅስቃሴ ነው። አንዱ ሲታመም ምልክቱ የሚታየው እሱ በሚያዘው ቦታ ስለሆነ፣ ሐኪም ፊትን አይቶ የታመመውን ነርቭ መለየት ይችላል።

ተረት፦ ፊት የሚጣመመው ነፋስ ወይም መጋኛ ሲመታ ነው።

እውነታ፦ አንድ ሰው ጠዋት ሲነሣ አንድ ዓይኑ አልከደን ብሎ፣ ሻዩም በከንፈሩ ጥግ እየፈሰሰ ካስቸገረው የታመመው አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው ነርቭ ነው። ሕመሙ ቤልስ ፓልሲ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው የፊትን ነርቭ ካጠናው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ቻርልስ ቤል ነው። ነርቩ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል። ሲያብጥ፣ በጠባብ ጫማ ውስጥ እንዳበጠ እግር መላወሻ ያጣና ሥራውን ያቆማል። እብጠቱን ያስነሣል ተብሎ በዋናነት የሚጠረጠረው በነርቩ ውስጥ ተኝቶ የቆየ የሄርፐስ ቫይረስ ነው። የስኳር ሕሙማንና በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ያሉ እናቶች ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። በታክሲ መስኮት የሚገባው ነፋስ ለዚህ ተጠያቂ መሆኑ አልተረጋገጠም። የተዘጋው መስኮት ግን ሳንባ ነቀርሳ በታጨቀ ሚኒባስ ውስጥ በቀላሉ እንዲተላለፍ ያመቻል።

ብዙዎቹ ሕሙማን ያለ መድኃኒትም ይድናሉ፤ ተረቱ የጸናውም በዚህ ነው። የታሸውም፣ የታጠነውም፣ ቅጠል የተቀባውም ሲድን መዳኑ ለእሱ ይቆጠርለታል። በስኮትላንድ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ከጀመሩት ሕሙማን 94 በመቶው በዘጠኝ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደዳኑ አሳይቷል፤ ካልወሰዱት የዳኑት 82 በመቶ ያህል ናቸው። ልዩነቱ ከመቶ ሰው ዐሥራ ሁለት ያህል ነው። እነዚህ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ሳይድኑ እንዲቀሩ የሚያደርገው፣ ብዙ ጊዜ «እስኪ ትንሽ እንየው» እየተባለ የሚያልፈው ሦስት ቀን ነው።

ተረት፦ ፊት ከተጣመመ ስትሮክ ነው፤ ካልሆነም ምንም አይደለም።

እውነታ፦ ሁለቱን ለመለየት ግንባርን ማየት ይረዳል። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚደርሰው፣ በስትሮክ ጊዜ አፍ ቢጣመምም ቅንድብ ብዙውን ጊዜ ይነሣል። ሰባተኛው ነርቭ ራሱ ሲታመም ግን ግንባርም ዓይንም አብረው ይሰንፋሉ። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ከፊቱ ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም ዕይታ ከተዛባ፣ ጊዜው በቀን ሳይሆን በደቂቃ የሚቆጠር ነውና ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ተረት፦ ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ምች ነው፤ የሚመጣውም ከፀሐይ ነው።

እውነታ፦ እዚህ ላይ የአባቶች ትዝብት ግማሽ መንገድ ደርሷል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል መንስኤው የሄርፐስ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች 3.8 ቢሊዮን ያህሉ ዓይነት አንድ የሚባለውን ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ። ቫይረሱ በአምስተኛው ነርቭ ሥር ይተኛል፤ ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ፀሐይ ታስነሣዋለች እንጂ አትፈጥረውም። ዳማከሴ ያሹለትም ያላሹለትም፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ይድናል። ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃን መሳም ግን አይገባም፤ በጨቅላ ላይ ቫይረሱ ለሕይወት አስጊ ነው።

ተረት፦ አልማዝ ባለጭራ የባህል መድኃኒት እንጂ መርፌና ክኒን አይወድም።

እውነታ፦ አልማዝ ባለጭራ ሐኪሞች ሄርፐስ ዞስተር የሚሉት ሕመም ነው። በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ በነርቭ ሥር ተኝቶ ቆይቶ፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም በዚያው ነርቭ መስመር ላይ ይወጣል። በሰውነት በአንድ ወገን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። በአምስተኛው ነርቭ የላይኛ ቅርንጫፍ ከወጣ ግንባርንና የዓይን ቆብን ይይዛል። በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከታየ ዓይን ውስጥ የመግባቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ቅጠልና አመድ መቀባት ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር አይጠቅምም። የቫይረስ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። የወጣበት ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት የሚለው ሐሜትም ትክክል አይደለም፤ ዕድሜም ሌላ ሕመምም ያመጡታል። ሐሜቱ ሰው እንዲደበቅ ያደርጋል እንጂ፣ መመርመር ለራስ ነው።

ተረት፦ የላይኛው ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል።

እውነታ፦ የላይኛው ጥርስ ስሜት የሚሄደው በአምስተኛው ነርቭ መካከለኛ ቅርንጫፍ ነው። ዕይታ ግን የሁለተኛው ነርቭ ሥራ ነው። ጥርስ ሲያም ዓይን አካባቢ የሚሰማን የአምስተኛው ቅርንጫፎች አንድ ግንድ ስለሚጋሩ ነው። ለዓይን የሚያሰጋው የበሰበሰውን ጥርስ ሳያሳክሙ መተው ነው፤ መግሉ ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊዛመት ይችላል።

ተረት፦ የሕፃን እንጥል ካልተቆረጠ አብጦ ያንቃል።

እውነታ፦ እንጥል በመዋጥ ጊዜ ከላንቃው ጋር ተነሥቶ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ያግዛል፤ የሚንቀሳቀሰው በዐሥረኛው ነርቭ ነው። የጉሮሮ ሕመም ሲኖር ቢያብጥ መታከም ያለበት ሕመሙ ነው። በምላጭ መቁረጥ ደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ሞትን ያመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ለሞት የሚዳርገውን እንጥል መቁረጥ ከጎጂ ልማዶች መካከል ቆጥሮ ያስቀጣል።

ጸሎትና ጠበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲጠቀሙ አስተምረው ነበር። ለፊት ነርቭም መንገዱ ይኸው ነው፤ ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያም ይድረስ። ያልከደነውን ዓይን ቀን በጠብታ ማርጠብ፣ ሌሊት ከድኖ በፕላስተር መያዝ ብሌኑን ከቁስለት ያድናል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤት፣ ፊቱ የተጣመመውን ሰው «ነፋስ ነው፣ ይተውሃል» ብሎ ከማጽናናት ይልቅ «መቼ ጀመረህ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ትናንት ወይም ዛሬ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሸኘው።