ቤቱ ቀደመ፣ ባቡሩ ዘገየ

ከአርማጭሆ ሳንጃ ተነስቶ አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ዛሬ ዛሬ ፒያሳ አያርፍም። «አያት ና፣ ኮንዶሚኒየሙ ጋ ወርደህ ደውል» ይባላል። አያት የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ጫፍ ነው። እንግዳው ሐዲዱንም ጣቢያውንም አይቶ ይደነቃል፤ በማግስቱ መገናኛ ልሂድ ሲል ግን አስተናጋጁ ወስዶ የሚያሰልፈው ሚኒባስ ነው። ሐዲዱ ደጅ ላይ ሆኖ ይህ ሁሉ ሰልፍ ለምን?

የባቡሩ ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር 475 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የቃሊቲው መስመር በመስከረም 2008፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚወስደው ደግሞ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሥራ ጀመረ። ዋጋው ከ2 እስከ 6 ብር ስለነበረ ባቡሩ መርፌ መጣያ ቦታ እስኪጠፋ ይሞላ ነበር።

ባቡር ከተማ ሲወልድ አይተናል። የጅቡቲው ሐዲድ ሐረርን ትቶ ቆላውን ይዞ በማለፉ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አያት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሪል ስቴቱና ኮንዶሚኒየሙ ቀደመ፤ ሕዝቡ ወደ ዳር ወጣ፤ ባቡሩ ተከተለው። ሰው ወዳለበት መሄዱ መልካም ነው። የተረሳው የጣቢያው ዙሪያ ነው። ሐዲዱ የዋናውን መንገድ መሐል ይዞ በአጥር ታጠረ፤ ማዶ ያለ ጎረቤት ቡና ጠጡ ሲል ለመሻገር ዙሪያ ጥምጥም መሄድ መጣ። መውጫው ላይ በቆሎ ጠባሿ፣ ቆሎ ሻጩና ሊስትሮው በራሳቸው ጊዜ መጥተው ተቀመጡ። ለእኔ ጣቢያውን ጣቢያ ያስመሰሉት እነሱ ናቸው፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሮጡትም እነሱ።

ለገሃርን ደግሞ ተመልከቱ። በኅዳር 2011 ኢግል ሂልስ የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ በ36 ሄክታር ላይ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ሊገነባ መሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እዚያ መድረሱን ካቆመ በኋላ ማለት ነው!

የችግሩ ሥር ገንዘብ ነው። መሬት የመንግሥት ነው፤ የሊዙ ገቢ ለከተማ አስተዳደሩ ይገባል፤ ለባቡሩ የሚተርፈው የቲኬት ሳንቲም ነው። ጣቢያው ሲተከል የአካባቢው ቤት ኪራይ ቢወደድ የሚጠቀመው አከራዩ ነው። ሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅቱ ራሱ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ይገነባል፤ ከዚያ በሚያገኘው ሐዲድ ይዘረጋል። የእኛው በብር ሸጦ መለዋወጫ በዶላር ይገዛል። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ባለፉት ዓመታት በመለዋወጫ እጦት ቆመው ነበር። በየስንት ሰዓቱ እንደሚመጣ የማይታወቅ ባቡር ደጅ ቢቆምም ሰው ሥራ እንዳይረፍድበት ሚኒባሱን ይመርጣል።

ይህ የሸገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ከወልድያ በወረታ ጎንደር፣ ከዚያም መተማ የሚደርስ መስመር ተሥሏል። የመንገድን ጥቅም እኛም እናውቃለን፤ ሳንጃን ያሳደጋት ወደ አብደራፊና ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ መናኸሪያ ዙሪያ ያለ ቦታ ምን እንደሚያወጣ ለአርማጭሆ ሰው አይነገርም። እንግዲህ የጎንደር ምክር ቤት የባቡሩ ወሬ እንደገና ሲነሳ፣ ሐዲዱ የት ያልፋል ከማለቱ በፊት የጣቢያው ዙሪያ ኪራይ ለማን ይገባል ብሎ ይጠይቅልን።