የኢንስብሩክ ከተማ የበረዶ ጨዋታ ዝግጅትና የወጪው ሂሳብ

ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር የምታስተናግድ ከተማ ሥራዋ ከትልቅ ነጋዴ ሥራ እምብዛም አይለይም። ገበያው ከመቆሙ ከብዙ ዓመታት በፊት ገንዘብ ታወጣለች፤ ገበያው ግን የሚቆየው ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ውድድሩ የበረዶ ሲሆን ደግሞ ዋናው ሸቀጥ ከሰማይ የሚጠበቅ ስለሆነ ሥጋቱ እጥፍ ይሆናል። ለዚህም የኦስትሪያዋ ከተማ ኢንስብሩክ ጥሩ ምስክር ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንስብሩክ የቲሮል ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ በኢጣሊያና በጀርመን መካከል የሚመላለሰው የንግድ ዕቃ በብሬነር በር አድርጎ በአጠገቧ ያልፋል። የ1960ን የክረምት ኦሊምፒክ ጠይቃ በሁለት ድምፅ ብልጫ በአሜሪካው ስኳው ቫሊ ተሸነፈች፤ በ1959 ግን የ1964ቱን ጨዋታ ለማስተናገድ ተመረጠች። በዚሁ የዝግጅት ዘመን፣ በኅዳር 1963፣ ከከተማዋ በስተደቡብ 190 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው «የአውሮፓ ድልድይ» ለተሽከርካሪ ተከፈተ። ድልድዩ የብሬነር አውራ ጎዳና ክፍል ነውና ከስፖርተኛው ይልቅ የጭነት መኪናው ተጠቅሞበታል። በእኛ አስተያየት ብልህ ወጪ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁሉም ከተሰናዳ በኋላ በጥር 1964 በረዶው ጠፋ። ለፋሲካ ያዘዘው ዕቃ ወደብ ላይ የቀረበት አስመጪ ጭንቀቱን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። በዚህ ጊዜ የኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ተጠርቶ፣ ለተንሸራታች ጋሪዎቹ መንገድ 20,000 ያህል የበረዶ ጡቦች ከተራራ ቆርጦ አወረደ፤ ለስኪ መንሸራተቻውም 40,000 ሜትር ኩብ በረዶ አጓጉዞ በእጅና በእግር እየደመደመ አነጠፈ። ጨዋታውም በቀኑ ተጀመረ። ነጋዴው ግን ዕቃው ሲዘገይበት የሚያጓጉዝለት ጦር ሠራዊት የለውም።

የ1976ቱ ጨዋታ በመጀመሪያ ለአሜሪካዪቱ ከተማ ለዴንቨር ተሰጥቶ ነበር። ነገር ግን በኅዳር 1972 የኮሎራዶ ሕዝብ የመንግሥት ገንዘብ ለዚህ እንዳይወጣ በድምፁ ስለ ከለከለ ከተማዋ ተወች። በየካቲት 1973 ኢንስብሩክ ተተካች። የቀራት ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ የቀድሞዎቹ መጫወቻ ስፍራዎች በእጇ ስለ ነበሩ ልትደርስበት ችላለች። የ1964ቱ ችግርም እንዳይደገም ኢግልስ በተባለው ስፍራ በማቀዝቀዣ መሣሪያ በረዶ የሚሠራበት አንድ የጋሪ መንገድ በሁለቱ አሮጌዎች ፈንታ ተሠራ።

ባለ ሱቁም የራሱ ሂሳብ አለው። የጨዋታው ምልክት የታተመበት ዕቃ ውድድሩ በተዘጋ ማግስት ዋጋው ይወድቃል፤ ጓንት፣ ጫማና የሱፍ ልብስ ግን ለሚመጣው ዓመት እንግዳም ይሸጣል። ስለዚህ ምልክቱን በጥቂቱ፣ ልብሱን በብዛት ያዘዘ ሰው ከኪሳራ ይጠበቃል።

ኢንስብሩክ በ2012 ደግሞ የመጀመሪያውን የወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ አስተናግዳለች። ይሁንና በጥቅምት 2017 የ2026ቱን ጨዋታ እንጠይቅ ወይስ እንተው ተብሎ የቲሮል ሕዝብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ከመቶ 53ቱ «እንተው» አለ፤ በከተማዋ ውስጥ እንዲያውም ተቃውሞው ከዚህ የበለጠ ነበር። ጨዋታውም በ2019 ለኢጣሊያ ከተሞች ለሚላኖና ለኮርቲና ተሰጠ።