የኤዶዎቹ ክብ፦ በአውበሬ ሀዘን ተራ ሲደርሰው

ከጅግጅጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው አውበሬ ይደርሳል። በእኔ ዕድሜ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ብዙ ጊዜ «ተፈሪ በር» እያልን ነው የምንጠራት። አውበሬ የሚለውን ስም ያገኘችው እዚያ ከተቀበሩት ሼህ ነው፤ «አው» የሃይማኖት አባት መጠሪያ ነው። ድንበር ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ማዶ በተኩስ ሲናጥ ሰው የሚጎርፈው ወደ እሷ ነው። በ1980 ዓ.ም ግንቦት ሐርጌሳና ቡርኦ የጦር ሜዳ ሲሆኑ፣ ሐርጌሳም በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ጅግጅጋ አካባቢ ተሻገሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ የሰፈሩበት ሐርቲሼክ በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር። በ1983 ዓ.ም የሞቃዲሾ መንግሥት ሲፈርስ ቀብሪ በያህ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአውበሬ መጠለያ፣ በዓመቱም ሸደር ተከተሉ። በእነዚህ መጠለያዎች ተወልደው ዛሬ ራሳቸው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ።

ስደተኛ ሲገባ ይመዘገባል፤ የቤተሰቡ ቁጥር ተጽፎ እህል፣ ዘይት፣ ሸራ ይሰጠዋል። በሆዱ ይዞት የመጣው ግን የሚጻፍበት ቅጽ የለም። ሶማልኛ ለዚህ የራሱ ቃላት አሉት። «ቀልቢ ጀብ» የልብ ስብራት ነው። «ቡፊስ» ደግሞ በመጠለያ ውስጥ በስፋት የሚነገር ቃል ነው፤ ወደ ሩቅ አገር የመሄድ ናፍቆት ሰውን ይዞት፣ ያለበትን ቦታ እንዳይኖርበት፣ የሚመኘውንም እንዳይደርስበት አድርጎ ሲያስቀምጠው ማለት ነው። ሲብስ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭራሽ አእምሮ እስከመንካት ይደርሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ሕመም «ኪነ ጥበብ ይፈውሳል» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀለምና ብሩሽ ይዞ የሚመጣ ድርጅት፣ ግድግዳ ላይ የሚሳል ርግብና የምረቃ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ይህን አልንቅም። ነገር ግን በዚህ አካባቢ መድኃኒቱ ድርጅቶቹ ከመምጣታቸው አስቀድሞ በእናቶች እጅ ነበር፤ ስሙም ሲታድ ይባላል።

ሲታድ የሴቶች ብቻ ጉባኤ ነው። ዕጣን ይጨሳል፣ ሽቶ ይረጫል፣ ሻይ ይፈላል። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ከበሮ ይመታሉ። መጀመሪያ ፈጣሪንና ነቢዩን ያወድሳሉ፣ ከዚያ ወልዮቹን ይጠራሉ። ቀጥለው ወደ እናቶች ይመለሳሉ፦ ሐዋ፣ ሐጀር፣ መርየም፣ ኸዲጃ፣ ፋጡማ። ሐጀር በበረሃ ልጇ ተጠምቶ ከኮረብታ ኮረብታ የሮጠች እናት ናት፤ ልጅ አዝላ ድንበር ለተሻገረች ሴት ታሪኳ እንዴት እንደሚሰማት ማስረዳት አያስፈልገኝም። የመውለጃ ወሯ የተቃረበ ሴት ካለች ጸጉሯን ዘይት ይቀቧታል፣ በሰላም እንድትገላገል ይመርቋታል። የወሎ መንዙማን ያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም። ሁሉም ይወደዋል ማለት ግን አይደለም፤ ከበሮውንና የወልዮቹን መጠራት የማይቀበሉ የሃይማኖት መምህራን አሉ፣ በዚህም ምክንያት የተዉት ቤተሰቦች አሉ።

እኔ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ጅግጅጋ ነበርን። የጎረቤታችን የኤዶ እህት ከሐርጌሳ በአውበሬ በኩል መጣች። (ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ልጆች ሆነን ትልልቆቹን ሴቶች ሁሉ እንዲያ ነበር የምንጠራቸው።) ሁለት ወንዶች ልጆቿን መንገድ ላይ አጥታለች። አትናገርም። ቀኑን ሙሉ ሻሿን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። እናቴ ሶማልኛዋ ከገበያ የማያልፍ ስለነበር ቡና ይዛ ትሄድና ዝም ብላ አብራት ተቀምጣ ትመለሳለች።

ሲታድ በሚኖር ጊዜ ሴቶቹ ይዘዋት ይገቡ ጀመር። እኔና ልጆቹ ፈንዲሻ እናዞራለን። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ማንም «ተናገሪ» አላላትም፣ ማንም «በቃሽ፣ ተጽናኚ» አላላትም። ሳምንታት እንዲሁ ካለፉ በኋላ አንድ ቀን አጠገቧ የነበረችው ሴት ደክሟት እንደሆነ ሁሉ ከበሮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። መጀመሪያ ያዘችው ብቻ። ቆይታ መታችው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተራው ሲደርሳት አፏን ከፈተች፤ የልጆቿን ስም ጠራች፣ ክቡም ተቀበላት። አልቅሳለች፤ ግን ብቻዋን አልነበረም፣ ምቱም አልቆመም። በማግስቱ ቤታችን መጥታ ወንፊት ተዋሰች። እናቴ ለዓመታት የምታነሳው ልቅሶውን ሳይሆን ወንፊቷን ነበር። ሴትየዋ ሀዘኗ አለቀ አልልም፤ ዱቄት መንፋት ግን ጀምራለች።

ከሲታድ ጎን ቡራንቡር አለ፤ የሶማሌ ሴቶች የሚገጥሙት፣ በሠርግና በስብሰባ አንዷ እያወረደች ሌሎቹ በጭብጨባና በጭፈራ የሚያጅቡት ግጥም ነው። የሶማልኛ ግጥም አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ገጣሚዋ አንድ ድምፅ ትመርጣለች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው በየስንኙ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል መኖር አለበት። በ«ደ» ከጀመረች በ«ደ» ትጨርሳለች። እስቲ አስቡት፤ ያለቅጥ የሚያጥለቀልቅ ሀዘን በ«ደ» የሚጀምር ቃል እስኪገኝለት ድረስ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የእኛም አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የምታደርገው ከዚህ አይርቅም፤ ልቅሶውን ቤት አስመትታ፣ ለቀስተኛው እንዲቀበላት አድርጋ ነው የምታወጣው። ከዚህም በላይ ቡራንቡር ለሀዘን ብቻ አይደለም። ሴቶች በሽማግሌዎች ሸንጎ ድምፅ ባይሰጣቸውም፣ ወንዶቹን ወቅሰው ወደ እርቅ የሚገፉበት መንገድ ግጥማቸው ነበር።

ከግጥሙ ሌላ የእጅ ሥራው አለ። «አቀል» የሚባለው የአርብቶ አደሩ ጎጆ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ቤት ነው፤ የሚሸፈንበትን ሰሌን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከግራር ቅርፊት ልጥ ይላጣል፣ ይታኘካል፣ ይገመዳል፣ ይታታል። አንዷ ብቻዋን የምትወጣው ስላልሆነ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሥራው በዘፈን ይሄዳል። በዚያ ዘፈን ሴቲቱ በባሏ ፊት የማትደፍረውን ታነሳለች። ዓይኗ ሰሌኑ ላይ ስለሆነ ማንም ፊቷን አያይም፤ ለከባድ ወሬ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

በዓለም ሌላ ጫፍ፣ በቺሊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ታፍነው የጠፉባቸው ሴቶች ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰብስበው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ የደረሰባቸውን በሥዕል አወጡ፤ ጨርቆቹም ውጭ አገር ተሸጠው ገቢ አስገኙላቸው። በአገራችንም በአለርት ግቢ የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች አብረው እየጠለፉ የሚሸጡትን ጥልፍ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ያውቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም ሆነ በማከም ረገድ ድርሻ እንዳለው ገልጿል። ሙዚቃውና እጅ ሥራው ጭንቀትን ሲያረግቡ፣ አብሮ መሥራቱ ደግሞ ብቸኝነትን ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለተራው ነው። ተመልካች ሆኖ የተቀመጠ ሰው ቢያለቅስም ተመልካች ነው፤ ተራ ያለው ሰው ግን ይጠበቃል፣ ከቀረም «የት ቀረች?» ይባላል።

ከበሮ የማይደርስበት ሕመም ግን አለ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ከተተወ፣ ያለፈው አስፈሪ ነገር ዛሬ እንደሚሆን ሁሉ እየተመለሰ ካስደነገጠ፣ በተለይም «ሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተሰማ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ሐኪሙም ክቡም አብረው ይኑሩ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ልጆች ግጥም ባይገጥሙም ይስላሉ። በመጠለያዎች ለሕፃናት በተዘጋጁ ቦታዎች እርሳስና ወረቀት የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ የልጅ ልጃችሁ የሚነድ ቤት ወይም ጠመንጃ ቢስል አትቆጡት፣ «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ይሄ?» እያላችሁም አትመርምሩት። «እስቲ ስለ ሥዕልህ አጫውተኝ» ማለት ይበቃል። ዝም ካለም አጠገቡ ሆናችሁ የራሳችሁን ሳሉ፤ የአያት ሥዕል ማማሩ አይጠበቅም፣ እንዲያውም ካላማረ ልጁ ይስቃል።

አሁን በመጠለያው የቤቱ ልባስ ሸራና ቆርቆሮ ስለሆነ ሰሌን የሚሠሩት እጆች እያነሱ ነው፤ ልጥ ማኘክ የምትፈልግ ወጣት ማግኘትም ቀላል አይደለም። ቡራንቡር ግን መንገድ አላጣም። በፊት በካሴት ተቀድቶ በመንገደኛ ይላክ ነበር። ዛሬ ሴት ልጅ ስልኳን በአያቷ አፍ አጠገብ ትይዝና ግጥሙን ሚኒያፖሊስ ላለችው አክስቷ ትልከዋለች፤ አክስቷም ከሥራ ስትመለስ፣ አያቲቱ በመረጠችው ድምፅ ገጥማ መልሱን ትልካለች።